ጆሮ አይደነድንም

«ጆሮዋን የወተፈችው ሴትዮ ወፍጮ ቤት አቃጠለች» የምትለዋ ወሬ ከእትዬ ገንዘቤ አፍ አትጠፋም። መጀመሪያ ሲያወሯት፣ ጎሮ አካባቢ ያለች አንዲት ሠራተኛ ጆሮዋን በጥጥ ደፍና ድንጋይ ከድንጋይ ሲፋጭ ሳትሰማ ቀርታ አንድ ማዳበሪያ ስንዴ አጨሰች የምትል ነበረች። ከፋሲካ በኋላ ወፍጮ ቤቱ ወደ አያት ተዛወረ፤ የጨሰው ስንዴ ብቻ መሆኑ ቀርቶም ድንጋዩን የሚያዞረው ቺንጋ ነደደ። ክረምት ሲገባ ሰሚት ደረሰ፤ ጣሪያው ሄደ። ወሬ እንደ ሊጥ ነው፤ በተተወ ቁጥር ኩፍ ይላል። እትዬ ገንዘቤ ግን ሁሉንም እውነት ነው ብለው ነበር የሚናገሩት፤ ሰው ራሱ ደጋግሞ የተናገረውን ከማመን የሚቀለው ነገር የለም።

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ወሬዋን ያነሷት ለጨዋታ አልነበረም። ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ገባ ብሎ ባለው ወፍጮ ቤታቸው ደጃፍ ቆመው ሠራተኛቸውን ሙሉነሽን ሊያባርሩ ነው። ሙሉነሽ ከሆሳዕና በኩል የመጣች፣ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ዝምተኛ ሴት ናት። ዓርብ ዕለት የአንድ ደንበኛ ስንዴ ጨሶ ወጣ፤ እትዬ ገንዘቤም ሻሿን ገለጥ ቢያደርጉ ከጆሮዋ ጥጥ ብቅ አለ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

መብራት ከነጋ ጠፍቷል። ወፍጮው ዝም ብሏል፤ ተራ ጠባቂውም በየማዳበሪያው ላይ ተቀምጦ ነገሩን እንደ ቴአትር ያያል።

«ስሙኝማ!» አሉ እትዬ ገንዘቤ ለተቀመጠው ሁሉ። «ወፍጮ የሚፈጨው በሞተር ይመስላችኋል? በጆሮ ነው! ድንጋዩ ሲላላ ድምፁ ይነግራል፤ ሲጠብቅ ይነግራል፤ ሊፋጭ ሲል ደግሞ ይጮኻል። ይቺ ምን አደረገች? በሩን ዘጋችበት! እንደዚያች እንደ ሰሚቷ ሴትዮ እኔንም ባዶ ሜዳ ልታስቀረኝ!»

«እትዬ፣ ራሴን ስለሚያመኝ ነው እኮ...» አለች ሙሉነሽ።

«ራስሽን ካመመሽ ሐኪም ቤት ሂጂያ! ወፍጮ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?»

ይኼኔ ከተራ ጠባቂዎቹ መካከል አንዲት ወጣት ከጤፍ ማዳበሪያዋ ላይ ተነሳች።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጥጡ ምን አጠፋ?»

እትዬ ገንዘቤ ከእግር እስከ ራሷ ቃኟት። «አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?»

«ናኦሚ እባላለሁ። ፊት ለፊት ካለው ኮንዶሚኒየም ነኝ። እማዬ ደንበኛዎ ናት።»

«እናትሽማ ጨዋ ናት፤ በሰው ነገር አትገባም።»

ሰው ሳቀ። ልጅቷም ሳቀች፤ ግን አልተቀመጠችም። «እኔ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የጆሮ ምርመራ ነው የምሠራው። በስንዴው አልገባም፤ በጆሮው ግን እገባለሁ።»

«እሰይ! መብራት ጠፋ ብለን ስናዝን ዶክተር መጣልን። እንግዲያው ስሚ ልጄ። እኔ እዚህ ድንጋይ አጠገብ የቆምኩት ፀጉሬ ጥቁር ሳለ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ራሴ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። ቤቴ ገብቼም ጆሮዬ ጭው እንዳለ ያድራል። ከዚያ ለመድኩት። እጅ መጥረቢያ ሲይዝ መጀመሪያ ይቆስላል፣ ኋላ ይደነድናል፤ ጆሮም እንደዚያው ነው። ጥጥ የምትወትፍ ሴት ጆሮዋን አላስለመደችም፤ ጆሮዋን ያላስለመደች ደግሞ ሥራውን አታውቀውም።»

ይህን ሲሉ ተራ ጠባቂው ራሱን ነቀነቀ። ለምን አይነቀንቅ? እኛ አገር ከጥበብም ከሀብትም በፊት የሚመሰገነው መቻል ነው። «ችላ ኖረች» ከተባለ በኋላ ምን እንደቻለች የሚጠይቅ የለም፤ ችላ ምን እንዳጣች የሚጠይቅማ ጭራሽ የለም።

«እትዬ፣ የእጅ ቆዳ ቢላጥ ይተካል፤ የጆሮ ውስጥ ግን አይተካም» አለች ናኦሚ። «ከጆሮዎ ታምቡር ወደ ውስጥ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል የተጠቀለለች፣ ከአተር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ነገር አለች። ውስጧ ውሃ ነው። በውሃው ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ፀጉሮች በረድፍ ቆመዋል፤ የጤፍ ማሳ በሉት። ድምፅ ሲገባ ውሃው ይናወጣል፣ ፀጉሮቹ ዘንበል ይላሉ፣ ከሥራቸው ያለው ነርቭም ለአንጎል ወሬ ያደርሳል። ዝቅ ያለ ድምፅ ነፋስ ነው፤ ጤፉ ዘንበል ብሎ ይነሳል። የወፍጮው ጩኸት ግን ዶፍ ነው፤ ማሳው መሬት ላይ ተኝቶ ይጋሽባል።»

«የጋሸበ ጤፍ አንቺ የት አይተሽ ነው? ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ?»

«አላየሁም። መጽሐፍ ላይ ነው ያነበብኩት።»

«እኔ በእጄ አንስቼዋለሁ። አባቴ ማሳ ላይ፣ ተንበርክኬ።»

«እንግዲያው ከእኔ ይልቅ እርስዎ ይንገሩን። አንገቱ የተሰበረው ቀና አለልዎ?»

የተሰበረ አይነሳም። ያን የማያውቅ የገበሬ ልጅ የለም። ግን ቃል ለማጣት እትዬ ገንዘቤ አልተፈጠሩም።

«እሺ፣ የእኔ ማሳ ጋሽቧላ? ታዲያ እንዴት እየሰማሁሽ ነው?»

«መብራት ስለጠፋ ነው የሚሰሙኝ» አለች ናኦሚ፤ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ። «እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ። እድር ላይ፣ ሰርግ ላይ፣ ሁሉም ባንዴ ሲያወራ፣ አጠገብዎ የተቀመጠውን ሰው ንግግር ይለያሉ?»

እትዬ ገንዘቤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ይቺን ልጅ ማን ነገራት? ባለፈው የእድር ስብሰባ ላይ ጸሐፊው ጠይቋቸው፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያቸው፣ በደፈናው «ይሁን» ብለው ነበር፤ በምን እንደተስማሙ ግን እስከ ዛሬ አያውቁም። የልጃቸው ሚስት «ቴሌቪዥኑን ቀንሱልን» ስትል ይቀየማሉ። ዝቅ ብላ ስታናግራቸው «ጮክ በይ» ይሏታል፤ ጮክ ስትል ደግሞ «ምን ያስጮኽሻል፣ ደንቆሮ መሰልኩሽ?» ይሏታል። እሷም አንድ ቀን አልቅሳ ወጥታለች።

«የዛሬ ዘመን ሰው አጥርቶ አይናገርም» አሉ በመጨረሻ።

«ልክ እንደዚህ ይሉናል ክሊኒክ የሚመጡት ሁሉ። ያስቸገሯቸው ግን የሚያናግሯቸው ሰዎች አይደሉም፤ የጆሯቸው ነርቮች ናቸው። አንዳንዱ ነርቭ ዝቅ ላለ ድምፅ ነው የሚነሳ፤ አንዳንዱ ደግሞ ሁካታ መሀል ለመለየት ነው የተፈጠረ። ጩኸት ቀድሞ የሚቆርጠው ይኼን ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ ሰው ጸጥ ባለ ቤት ደህና ይሰማል፤ ግርግር ውስጥ ሲገባ ግን ድምፅ ይሰማል፣ ነገር አይሰማም። ፀጉሮቹም ሲመናመኑ ዝቅ ያለው ይጠፋል፤ ጮክ ያለው ደግሞ ባንዴ እንደ መዶሻ ይመታል። ‹ጮክ በሉ›ና ‹አትጩኹብኝ› ካንድ አፍ የሚወጡት ለዚህ ነው።»

ልጅቷ ቤታቸው ገብታ ከሶፋው ሥር ተደብቃ የሰማች መሰላቸው። ተናደዱ፤ ሰው ልኩን የነገሩት ዕለት የሚናደደውን ንዴት ተናደዱ። ቢሆንም አንድ ጦር ቀርቷቸው ነበር፤ እሱን መዘዙት።

«ይሁን፤ ማሳውም ይጋሽብ፣ ነርቡም ይበጠስ። አንድ ነገር ግን መልሺልኝ። እኔ የምጠብቀው የሰው ንብረት ነው። ክፍት ሆኖ ያልሰማ ጆሮ ተደፍኖ እንዴት ይሰማል? ዓይኑን ጨፍኖ አጥርቶ የሚያይ አለ?»

ተራ ጠባቂው ወደ ናኦሚ ዞረ። ጥያቄው የዋዛ አልነበረም።

«የቀትር ፀሐይ ሲበረታብዎ ዓይንዎን አፍጥጠው ነው ወይስ ጠበብ አድርገው የሚያዩት?» አለች።

«...ጠበብ አድርጌ።»

«ጆሮም ይኸው ነው። ነርቮቹን መልእክተኞች ይበሏቸው። ድምፅ ዝቅ ሲል ጥቂቶቹ ይሮጣሉ፤ ከፍ ሲል ሌሎቹም ይነሳሉ፣ ሩጫውም ይፈጥናል። አንጎል የድምፁን ጉልበት የሚያውቀው በዚህ ነው። ወፍጮው ሲነሳ ግን አብዛኞቹ ባለ በሌለ ኃይላቸው ይሮጣሉ፤ ከዚያ በላይ መፍጠን የሚችል ጥቂት ነው። ታዲያ ድንጋዩ ትንሽ ቢጠብቅ ማን ይንገርዎ? ሰርግ ላይ አዳራሹ ሙሉ ሲያጨበጭብ አንድ ሰው ቢያቆም ያውቃሉ? ጆሮ በልኩ ሲሸፈን ጭብጨባው በሙሉ ዝቅ ይላል። ያኔ መልእክተኞቹ ተንፈስ ይሉና ትንሿንም ለውጥ ይናገራሉ።»

«ነገር ማሳመርስ ታውቂበታለሽ» አሉ እትዬ ገንዘቤ። «በነገር ግን ዱቄት አይወጣም።»

ጥግ ላይ ጋዜጣ ይዘው የተቀመጡ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አቶ ተስፋጽዮን ይባላሉ፤ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሞተር ጥገና ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። «እኛ ዘንድ ጆሮ መሸፈኛ ያላጠለቀ ወደ ተነሳ ሞተር አይጠጋም ነበር» አሉ። «የሞተሩን ሕመም በድምፁ የሚያውቅ ሰው ግን አላጣንም።»

«አውሮፕላንና ወፍጮ አንድ ነው እንዴ አቶ ተስፋጽዮን?»

«አይደለም። አውሮፕላን ስንዴ አያጨስም።» ሳቁ ሲበርድ ጋዜጣቸውን አጠፉ። «ከምትጨቃጨቁ ዳኝነቱን ለወፍጮው ስጡት። መብራት ሲመጣ እኔ የድንጋዩን ማጥበቂያ ልያዝ። ሁለታችሁ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ቁሙ፤ እትዬ ገንዘቤ በባዶ ጆሮዎ፣ ሙሉነሽ ሸፍና። ድንጋዩ ሊፋጭ ሲል የሰማ እጁን ያንሳ።»

«ይሁን!» አሉ እትዬ ገንዘቤ። ድምፃቸው አደባባይ የቆሙ ያህል ነበር። «ሰምታ ካሳየችኝ ሥራዋን አልነካባትም። ካልሰማች ግን ዛሬውኑ ትወጣለች። አንቺም የእናትሽን ጤፍ ሌላ ቦታ ታስፈጫለሽ!»

ሙሉነሽ ሁሉንም ተራ በተራ አየቻቸው። «እሺ» አለች።

መብራቱ እኩለ ቀን ሳይሆን መጣ። ሞተሩ አቃሰተ፣ ቺንጋው ዞረ፣ ቤቱ በጩኸት ሞላ፤ ቆርቆሮው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ናኦሚ ስልኳን ወደ ድንጋዩ አስጠግታ ወጣች፤ እትዬ ገንዘቤን ወደ ደጅ ሳብ አድርጋም ስልኳ ላይ የድምፅ መለኪያውን ቁጥር አሳየቻቸው። ዘጠና ሰባት ዴሲቤል ይላል።

«ስልክ ደግሞ ጆሮ አለው እንዴ?»

«አፍ ካለው ጆሮ አያጣም እትዬ! ልክክ ያለ መለኪያ አይደለም፤ ግን ብዙ አይስትም። ሰማንያ አምስት ቢሆን ኖሮ የቀን ሥራዎን ሙሉ ሊቆሙበት ይችሉ ነበር። ይኼ ቁጥር ግን እንደ ኪሎ አይቆጠርም፤ ሦስት በጨመረ ቁጥር የድምፁ ጉልበት እጥፍ ይሆናል፣ የሚቆሙበት ሰዓት ደግሞ በግማሽ ይቀንሳል። ዘጠና ሰባት ላይ ሲደርስ በቀን የሚፈቀድልዎ ግማሽ ሰዓት ነው።»

«ግማሽ ሰዓት!» አሉ እትዬ ገንዘቤ። «ግማሽ ሰዓትማ አንድ ሰው ከነጭቅጭቁ ጤፉን እስኪያስመዝን ነው!» ቀልዳቸው ነበር፤ ግን ማንም አልሳቀም፤ እሳቸውም ራሳቸው።

ናኦሚ ከቦርሳዋ ቢጫ የጆሮ መድፈኛ ቡሽ አወጣች። «ጥጥማ እምብዛም አይረባም» አለቻት ሙሉነሽን፤ «ድምፁን የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው።» ቡሹን በጣቷ አሽታ አቀጠነችው፣ የጆሮዋን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ ከተተችላት፣ እስኪነፋም በጣቷ ያዘችው፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ።

ሁለቱ ሴቶች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆሙ። ስንዴው ይወርዳል። አቶ ተስፋጽዮን እጃቸውን ማጥበቂያው ላይ አኖሩ። ብዙም ሳይቆይ የእትዬ ገንዘቤ እጅ ብድግ አለ። ሙሉነሽ እጇን እንዳጣመረች ናት። ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ ናኦሚ ከንፈሯን ነከሰች። እትዬ ገንዘቤ ዞር ብለው «አየሽ?» ሲሉ የአፋቸው ቅርጽ ብቻ ታየ። አቶ ተስፋጽዮን ግን ሞተሩ እንዲጠፋ ምልክት ሰጡ።

ዝምታው ሲመጣ፣ «እትዬ ገንዘቤ» አሉ፤ «ይቅር ይበሉኝና ገና አልነካሁትም።»

ሳቅ የጀመረው ሰው ሳቁን ዋጠው። እትዬ ገንዘቤ «ልቤ ነግሮኝ ነው» አሉ። እውነትም የነገራቸው ልባቸው ነበር። ስንት ዘመን ጆሮዬ ነው ሲሉ የኖሩት ልባቸው ኖሯል፤ ልብ ደግሞ የሚፈልገውን ነው የሚሰማው።

ወፍጮው እንደገና ተነሳ። አሁን አቶ ተስፋጽዮን ማጥበቂያውን እንደ ሰዓት ቁልፍ፣ ለዓይን በማይታይ ልክ ነካ አደረጉት። የሙሉነሽ እጅ ተነሳ። ማጥበቂያውን ሲያላሉት ወረደ። መልሰው ነካ ሲያደርጉት መልሶ ተነሳ። የእትዬ ገንዘቤ እጅ ግን እንዳለ ነው፤ ጆሯቸውን አሹለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጣሉ። ጩኸት ብቻ። አንድ ወጥ፣ ስንጥቅ የሌለው ጩኸት። እጃቸውን ያነሱት የጨሰ ዱቄት ሽታ አፍንጫቸው ሲገባ ነው።

ያ ሽታ የዓርቡ ሽታ ነው። ዓርብ ዕለት ሙሉነሽ ስንዴውን ስትገለብጥ ማጥበቂያውን የያዘው ማን እንደነበር ሙሉነሽ ታውቃለች። እትዬ ገንዘቤ ትናገራለች ብለው ጠበቁ። ሙሉነሽ ቡሹን ከጆሮዋ አውጥታ መዳፏ ላይ አድርጋ ቆመች። እሳቸው ግን የራሳቸው መዳፍ ላይ የማጥበቂያው ብረት ቅዝቃዜ ተሰማቸው፤ ድንጋዩ የላላ መስሏቸው አንድ ዙር የጨመሩት እሳቸው ነበሩ።

«የዓርቡን ስንዴ እኔ እከፍላለሁ» አሉ። ከዚያ ወደ ናኦሚ ዞሩ፤ ድምፃቸውም ወረደ። «ያን ቢጫ ነገር... ለኔም ብታደርጊልኝ እንደሷ እሰማለሁ?»

ልጅቷ ልታባብላቸው ትችል ነበር። አላባበለችም። «አይ እትዬ። የተሰበረውን አይመልስም። የቀረውን ግን ያቆያል፤ የቀረው ደግሞ ብዙ ነው። ክሊኒክ ይምጡና እንለካው፤ እንደ ልኩ ማዳመጫ መሣሪያ ይደረግልዎታል። ድንጋዩን ደግሞ ጤነኛ ጆሮ ይጠብቀው፤ በሽፋን።»

«አሁን ተሸነፍኩ ማለት ነው?»

«ወፍጮው ነው የፈረደው» አሉ አቶ ተስፋጽዮን።

«ወፍጮው የኔ ነው!» አሉ እትዬ ገንዘቤ። «ስለዚህ የፈረድኩት እኔ ነኝ።»

እንዲህ ያለ ሰው አንዴ ከተመለሰ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ነው፤ የሚያቆመው የለም። በሳምንቱ የጆሮ መሸፈኛ ገዝተው በሩ ላይ ሰቀሉና ሳያጠልቁ መግባት ከለከሉ። የግብር ሠራተኛ በመጣ ጊዜ እንኳ «መጀመሪያ ጆሮህን ሸፍን፣ ከዚያ እንጣላለን» ብለውታል። የሚንቀጠቀጠውን ቆርቆሮ አስመቱ፤ ከሞተሩ ሥር ወፍራም ጎማ አስነጠፉ፤ በድንጋዩና በተራ ጠባቂው መካከል የብሎኬት ግድግዳ አስነሡ። ሌላ ሠራተኛ ጨምረውም ከሙሉነሽ ጋር እየተቀያየሩ አንዷ ስትፈጭ አንዷ ውጭ እንድትመዝን አደረጉ።

ትርፉ ምን ነበር ላለ ይኸው። የሙሉነሽ ራስ ምታት ለቀቃት፤ ማታ ልጆቿ ሲጫወቱ «ዝም በሉ» ማለት ተወች። የጨሰ ዱቄት ይዞ የሚመለስ ደንበኛ ጠፋ። ሕፃን አዝለው የሚመጡ እናቶች ከግድግዳው ወዲህ ተቀምጠው በሰው ድምፅ ማውራት ጀመሩ፤ ቀድሞ እዚያ ቤት ሁሉም ስለሚጮህ አላፊ አግዳሚው ጠብ ያለ ይመስለው ነበር። እትዬ ገንዘቤ ተመርምረው መሣሪያ አደረጉ። መጀመሪያ ሰሞን የማንኪያው ኳኳታ አስመርሯቸው ነበር፤ ኋላ ግን የልጃቸው ሚስት ወጥ ቤት ሆና ለራሷ እንደምታንጎራጉር ሰሙ። ለዓመታት ባንድ ቤት ሲኖሩ ይህን አያውቁም ነበር። በእድሩም ስብሰባ ከፊት ወንበር ተቀምጠው «አልሰማሁም፣ ድገመው» ማለትን ተማሩ፤ ይህን ከሳቸው ያየ ስንቱ አዛውንት ለካ እሱም አይሰማም ኖሯል። ጆሮ ሲቆስል አይደማም፣ አያብጥም፤ ዝም ይላል እንጂ። ዝምታውን እንደ ጥንካሬ የሚቆጥር ሁሉ ከእትዬ ገንዘቤ ይማር።

መስከረም ላይ አንድ ቀን እትዬ ገንዘቤ ከግድግዳው ወዲህ ለተቀመጡ አዲስ ደንበኞች ያን ቅዳሜ እየተረኩ ነበር። «አየሽ የኔ እመቤት» አሏት አንዷን፤ «ልቤን አራርቼ ባልፈትናት ኖሮ ይቺ ምስኪን ሁለት ልጆች ይዛ የት ትወድቅ ነበር?»

ሙሉነሽ ሚዛኑ ላይ ጎንበስ እንዳለች ናት። ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም፤ ማድረግ አላስፈለጋትም።

«እትዬ፣ እንዳይቀየሙኝ እንጂ ያን ቅዳሜ የመጣሁት ልሰናበትዎ ነበር። ሲኤምሲ ሌላ ወፍጮ ቤት ተቀጥሬ ነበር፤ ሰኞ ልጀምር፣ በተሻለ ደመወዝ። የቀረሁት የዓርቡን ስንዴ እከፍላለሁ ስላሉ ነው፤ የተፈተንኩት ግን ስንዴ አቃጥላ ሄደች እንዳልባል ብቻ ነው።»